ስም የሚያወጣው ወራጅ ነው

መጀመሪያ የተሰማው ድምፅ ነው። ገና ሱብሂ ተሰግዶ መስገጃው ሳይታጠፍ፣ መብራት በጠፋበት ቤት ውስጥ፣ ከመጋረጃው ወዲያ አንድ ወንድ በስልክ ያወራል። "አዎ፣ እብዷ ጋ። እብዷ ጋ ስትደርስ በስተግራ ያለው ቆርቆሮ በር ነው። ካርታው ላይም አለልህ፤ እብዷ ጋ ብለህ ጻፍ፣ ራሱ ይመራሃል።" ከመስገጃው በኩል ስትንቀጫቀጭ የነበረችው ሙስበሃ፣ የእናቷ መቁጠሪያ፣ ዝም አለች። አሲያ አልጋዋ ላይ እንደተጋደመች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ ዝምታው እስኪያልፍ ጠበቀች። እናቷ ከድጃ ዚክሯን አቋርጣ አታውቅም፤ ዶሮ መስገጃው ላይ ብትወጣባት እንኳ በክርኗ ገፋ አድርጋ ትቀጥላለች እንጂ። ሙስበሃዋ እንደገና መንቀጫቀጭ ስትጀምር፣ በሰው ፊት እንደተገሠጸ ልጅ ቀስ ብላ፣ እየተጎተተች ነበር።

ቃሉ ለአሲያ አዲስ አይደለም። ከስድስት ዓመት በላይ ከመንገዱ በኩል በግድግዳው አልፎ ሲገባ ኖሯል፤ ባጃጁ ፍሬን ሲይዝ፣ "እብዷ ጋ ወራጅ አለ" ሲባል፣ ሳንቲም ሲንኳኳ። ውሎ አድሮ ጆሮዋ እንደ ቁራ ጩኸት ለምዶታል። ከመጋረጃው ወዲህ ግን ገብቶ አያውቅም ነበር። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ዛሬ ያስገባው ወንድሟ ሲራጅ መሆኑ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ላይ በዚሁ ቃል ከአንድ ሾፌር ጋር ተናንቆ የፊት ጥርሱን ያጣው፣ ፖሊስ ጣቢያ ያደረው ሲራጅ። ያን ጊዜ እናታቸው በማግስቱ ደሙን ስታጥብለት፣ በምን እንደተጣላ አልጠየቀችውም። እሱም አልነገራትም።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። የውስጠኛው የእናትና የልጅ ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ የቆርቆሮ ሳጥን፣ በመስኮቱ ሥር የአሲያ የልብስ ስፌት መኪና። የፊተኛው ቀን ቀን የሲራጅ ሽንኩርት መረከቢያ፣ ሲመሽ መኝታው ነው። ሚዛኑ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ማዳበሪያው እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፤ የሽንኩርት ልጣጭ በእግር ተከትሎ እስከ አልጋው ድረስ ይገባል። ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወጣው አስፋልት ዳር፣ ከከተማው መጨረሻ ቤቶች አንዱ ነው። ሻይ ቀርቦ ሦስቱም ሲቀመጡ፣ ሲራጅ ሽንኩርት ኪሎው ትናንት ስንት እንደገባ፣ ከሐራ በኩል የሚመጣው ገና ጥሬ መሆኑን፣ ዛሬ ከሰዓት አዲስ ነጋዴ ከወልድያ እንደሚመጣለት አወራ። እናቱ ብርጭቆውን ሞላችለት። "ዝናብ ሳይመታው ቢጭንልህ ጥሩ ነው" አለችና ከብት ልትፈታ ወደ ጓሮ ወጣች።

"አንተ ነህ ካርታው ላይ ያስገባኸው?" አለች አሲያ።

"ማን ያስገባዋል ታዲያ፣ ጂኒ?" ሲራጅ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገላት። ቤታቸው ከላይ ታየ፤ ከነቆርቆሮው፣ ከነጓሮው ማንጎ፣ በላዩ ቀይ ምልክት፣ በምልክቱ ሥር ያ ስም። "ሲራጅ ሽንኩርት ብዬ ሞክሬ ነበር። አንድ ሰው አልመጣም። ሰው የሚያውቀው ይሄንን ነው፤ እኔ አላወጣሁት።" ከዚያ የቀረውን ሻይ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠና፣ ፊቷን ሳያይ ጨመረ። "ደሞ ዛሬ የባጃጅ ማኅበሩ በየመውረጃው ታፔላ ይተክላል። አንዱ እኛ በር ላይ ነው። ታፔላ ጸሐፊው የወልድያ ልጅ ነው፣ ስሞቹን ከካርታው ነው የገለበጠው። ነገሩ አልቋል አሲያ። አታንሺው።"

አሲያ ብርጭቆዎቹን ሰበሰበች። ለሰው ሠርግ እንድትሰፋው የተሰጣት ቀሚስ ግማሹ ተሰፍቶ መኪናው ላይ ተንጠልጥሏል። እሱን አጣጥፋ ሳጥኑ ላይ አኖረች፣ ሻርፗን ደረበች፣ የስፌቷን ብር ከጨርቅ ቦርሳዋ ውስጥ አረጋግጣ ወጣች። ባጃጅ ውስጥ የሚጠራ ቃል አፍ ይለዋል፣ ነፋስ ይወስደዋል። ብረት ላይ ተጽፎ በር ላይ ከተተከለ ግን እናቷ ማለዳ በሯን በከፈተች ቁጥር ትገናኘዋለች። ማንበብ እንደማትችል አሲያ ታውቃለች። ግን ምን እንደሚል ለማወቅ ማንበብ አያስፈልጋትም።

ተራ አስከባሪው ሀብታሙ መናኸሪያው በር ላይ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ መፋቂያ እያኘከ ነበር። ከጀርባው በጥላው ሥር ታፔላ ጸሐፊው ዳዊት ዱካ ላይ ተቀምጧል፤ ዘጠኝ ነጭ ቆርቆሮዎች ግድግዳውን ተደግፈዋል፣ ሁለቱ ተጽፈው ፀሐይ ላይ ተሰጥተዋል። ሀብታሙ የአሲያን ነገር እስከ መጨረሻው ሰማ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እናቷንም ያውቃታል።

"እህቴ፣ እኔ ፊሽካ እንጂ ስም አልሰጥም" አላት። "ስም የሚያወጣው ወራጅ ነው። ያን መታጠፊያ አየሽ? ወራጁ ቆጣሪው ጋ አለ፣ ቆጣሪው ጋ ሆነ። ቆጣሪው ከተነሳ አራት ዓመቱ ነው። ሰው እስካሁን ድረስ ቆጣሪው ጋ ይወርዳል።"

"ወራጁ ሌላ ካለስ?"

"ሌላ ካለ ሌላ ይሆናላ።"

"እሺ፣ ሌላ ከተባለ ሌላ ትጽፋላችሁ?"

ሀብታሙ መፋቂያውን ከአፉ አወጣና ዳዊትን አየው። ዳዊት ትከሻውን ሰበቀ፤ ለሱ ቀለሙ ያው ቀለም ነው። "ከታች ጀምረን ወደ ላይ ነው የምንተክለው። አስር ሰላት ላይ እናንተ በር እንደርሳለን" አለ ሀብታሙ። "እዚያው ቁጭ ብለን ሦስት ባጃጅ እናዳምጣለን። ወራጁ ያለውን ዳዊት ይጽፋል። ግን አንቺ አንድ ነሽ፣ መርሳ ደግሞ ብዙ ነው፤ እወቂው።"

አሲያ መጀመሪያ የተሳፈረችው የናስር ባጃጅ ነበር። ናስር የጎረቤት ልጅ ነው፤ መስታወቱ ላይ ፕላስቲክ አበባ የሰካ፣ አፉ የማያርፍ። አሲያ ከኋላ በሁለት ሴቶች መካከል ተጠቅጥቃ ተቀመጠች። በራቸው ሲቃረብ ጉሮሮዋን ጠራረገችና "ከድጃ በር ወራጅ አለ" አለች። ድምፁ ከራሷ አፍ የወጣ አልመሰላትም። ናስር "የት ነው እሱ?" እያለ በቀልዱ ቤታቸውን አለፈው፤ ያወረዳት ከሚቀጥለው ድልድይ ነው። ሂሳቧን ከፍላ በእግሯ ተመለሰች፣ ግን ቤት አልገባችም። አስፋልቱን ተሻገረችና ወደ መናኸሪያ የሚመለሰውን ያዘች። ከመናኸሪያው እንደገና ወጣች። "ከድጃ በር ወራጅ አለ።" አሁን ሾፌሩ ሌላ ነበር፤ በመስታወቱ አይቷት ዝም ብሎ ቆመ። በሦስተኛው ጃንጥላ የያዙ ሽማግሌ ከጎኗ ተቀምጠው ኖሮ፣ ስሙን ሲሰሙ ዞር አሉ።

"ከድጃ ማን ናት፣ ልጄ?"

"እናቴ ናት።"

"ምን ሆና ነው በር የተሰየመላት?"

"ምንም አልሆነችም አባባ።"

ሽማግሌው ይህን ትንሽ አሰቡበት። "ምንም ላልሆነ ሰው መሰየሙ ጥሩ ነው" አሉ፤ ሰዎች ሳቁ፣ አሲያም አብራ ሳቀች። በአምስተኛው ላይ ናስር ራሱ ደረሳት፤ ገና ስትገባ "የከድጃ በር ደንበኛ መጣች፤ በወር ብትከፍይ ይሻልሽ ነበር" ብሎ ባጃጁን ሙሉ አሳቀባት። ግን ሲደርስ አንገቱን አስግጎ፣ የቀልዱን ያህልም ቢሆን፣ "ከድጃ በር ወራጅ" ብሎ ጠራ። ፀሐይዋ ከራስ በላይ ነበረች፤ ከሲሪንቃ በኩል የሚመጣው ነፋስ አቧራውን ከአስፋልቱ ጠርዝ እያነሳ ሱቆቹ ውስጥ ያስገባል። ምሳዋን አልበላችም። ቁርስ ላይ የቀረችው ቂጣ ትዝ ብትላትም፣ ቤቱ አሥር እርምጃ ቀርቷት ሳለ አልገባችም፤ ከገባች እናቷ "ምን ስትሠሪ ዋልሽ?" ትላታለች።

በስድስተኛው ጉዞ ማንጎ የጫነች ቅርጫት ጭኗ ላይ ያስቀመጠች ትልቅ ሴት አገኘች። እትዬ ሸዋዬ ናት፤ ከነሱ ሁለት መውረጃ አልፎ ቤት ያላት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ላይ ከእናቷ ጋር ጎን ለጎን የምትሸጥ። አሲያ ስሙን ስትጠራ ሸዋዬ ቅርጫቷን አቀፈች። ከዚያ ለአሲያ ብቻ ሳይሆን ለባጃጁ ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ ጀመረች። "የከድጃ ልጅ ጀብሪል በጅቡቲ አድርጎ ሳውዲ እሄዳለሁ ብሎ ወጥቶ ድምፁ በጠፋ በሦስተኛው ዓመት ነው፤ ከወልድያ በሚመጣው አውቶቡስ ላይ ነበርኩ። በሯ ላይ እጇን ዘርግታ አስቆመችው። ወጣች። ከፊት ጀምራ አንድ በአንድ አየችን፣ እስከ ኋላ ወንበር። ከዚያ 'አላህ በሰላም ያግባችሁ' ብላ ወረደች። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ አደረገች፤ አንድም ቀን ሳትመርቅ አልወረደችም። እስቲ ንገሩኝ፣ እብድ እንዲያ ይላል?" ሾፌሩ ዳግም ሳይጠየቅ በሩ ላይ ቆመ። አሲያ ይህን ታሪክ ከመስኮቷ ሆና ታየው ነበር፤ አውቶቡሱ ውስጥ ምን እንደሚባል ግን እስከ ዛሬ አልሰማችም ነበር። እናቷ ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ቀን፣ ለማንም ሳትናገር ማስቆሙን ተወችው። ሰው ግን ስሙን አልተወውም።

በስምንተኛው ላይ ከኋላ የተቀመጡ ሁለት ልጃገረዶች ተንሾካሾኩ። የሚንሾካሾኩት በባጃጅ ነው፤ ባጃጅ ውስጥ ደግሞ ሹክሹክታ የለም። "ከጠዋት ጀምሮ ስትወጣ ስትወርድ ነው አሉ።" "የእናትየዋ ነዋ። በዘር ነው።" አሲያ የባጃጁን ብረት ጨበጠች። ጠዋት ስትነሳ ይህ አልታያትም ነበር። በየመኪናው መውጣት፣ የሰዉን ፊት ማየት፣ በዚያው በር ላይ መውረድ፣ እንደገና መውጣት። አንድ ቀን ሙሉ እናቷ የሠራችውን ስትሠራ ውላለች፣ ልዩነቱ እሷ ወጪዋን መክፈሏ ነው። ፊቷ ጋለ፤ ለጥቂት ጊዜ መንገዱ አልታይ አላት። መውረጃው ሲደርስ ግን ድምፅዋ ከጠዋቱ ይልቅ ጎላ ብሎ ወጣ፤ ልጃገረዶቹ እስኪደነግጡ ድረስ። "ከድጃ በር ወራጅ አለ።"

ሲራጅ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። እጁ ላይ የሽንኩርት አፈር አለ። "ሰው ምን እያለ እንደሆነ ታውቂያለሽ?" አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ሰምቻለሁ።"

"እና?"

"እና ምን? ለኔም ካርታ ላይ ቦታ ትይዝልኛለህ?"

ሲራጅ ጥርሱ በጎደለበት በኩል ከንፈሩን ነከሰ። "እሷ አንድ ቀን ቅር አለኝ ብላለች? ስድስት ዓመት ሙሉ ይላሉ፣ ዝም ነው። አንቺ ነሽ የምታቀጣጥይው። ደሞ ስሟን ብትጽፊው ያው እሷን አይደል የሚያሳየው?"

"ያሳያት። ስም አላት፣ በስሟ ያሳያት።" አሲያ ትንፋሿን ሰበሰበች። "እማን ባጃጅ ላይ ተቀምጣ አይተሃት ታውቃለህ?"

ሲራጅ ወደ ሚዛኑ ዞረ።

"ገበያ በእግሯ። ሐኪም ቤት በእግሯ፣ ጉልበቷ እያበጠ። ብር አጥታ መሰለህ? መሄዱ አይደለም የከበዳት። ስትመለስ ሾፌሩን የት አውርደኝ ትበለው?"

ሲራጅ መሬት መሬት አየ። አንድ ገበሬ ማዳበሪያ ተሸክሞ በመካከላቸው አለፈና "ሚዛን ላይ ላድርገው?" አለ። ሲራጅ "አድርገው" ብሎ ተከትሎት ገባ፤ ከውስጥ የሚዛኑ ብረት ሲንሸራተት ተሰማ፣ ቁጥር ሲጠራ አልተሰማም።

አስር ሰላት ላይ እነ ሀብታሙ ደረሱ። ምሰሶው ከበሩ በስተቀኝ፣ ከግንቡ ሥር ተቆፍሮ ቆመ፤ ባዶው ነጭ ቆርቆሮ ላዩ ላይ ታሰረ። ዳዊት የቀለም ጣሳውን ከፈተ፣ ብሩሹን በጨርቅ ጠረገ፣ ዱካው ላይ ወጥቶ በእርሳስ መስመር አሰመረ። ሀብታሙ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። "ሦስት" አለ፣ ጣቱን አሳይቶ። ሱቅ ያሉት ሁለት ሦስት ሰዎች ነገሩን ሰምተው ወጥተው ግድግዳ ተደገፉ። አሲያ መንገዱ ዳር ቆመች፤ አሁን የምትለው ነገር አልነበራትም፣ ወራጅ አይደለችምና።

የመጀመሪያው ባጃጅ ቆመ። ደብተር የያዘ ተማሪ ገና ፍሬኑ ሳይያዝ "እብዷ ጋ ነው የወረድኩት፣ ቶሎ ነይ" እያለ በስልክ ሲያወራ ወረደ፤ ለሾፌሩ እንኳ አልነበረም። ግድግዳ ከተደገፉት አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ሀብታሙ አንድ ጣቱን አጠፈ። ሁለተኛው የናስር ነበር፤ ሸዋዬ በባዶ ቅርጫቷ ወረደች፣ "ከድጃ በር ብዬህ አልነበር፣ ምን ታስጠጋኛለህ?" እያለች። ሀብታሙ ፈገግ አለ። "እትዬ ሸዋዬ፣ ቤትዎ ወዲያ አይደል እንዴ?" "ዛሬ እዚህ ነው የምወርደው፤ ከልካይ አለ?" "የለም።" ሁለተኛው ጣት ታጠፈ። ናስር ባጃጁን ዳር አስይዞ ሊያይ ቆመ።

ሦስተኛው ባጃጅ ዘግየት ብሎ መጣ። ከውስጡ ጃኬት የለበሰ፣ ጫማው ያማረ ሰው ወረደ፤ ስልኩን እንደ ፋኖስ ከፊቱ ዘርግቶ፣ እያየው እየተራመደ፣ ምሰሶውን ሊገጨው ደረሰ። ይህን ጊዜ በሩ ተከፈተና ከድጃ የከብት ውኃ ባልዲ ይዛ ወጣች። ለሰውየው ከሁሉ የቀረበችው እሷ ነበረች። ቀና አለና በጨዋ ደንብ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጠየቃት።

"እናቴ፣ እንደምን ዋሉ? እብዷ ጋ የሚባለው ይሄ ነው?"

ግድግዳ የተደገፉት ሰዎች ዓይናቸውን ወዲያ አደረጉ። ዳዊት ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነክሮ ይጠብቃል። ከድጃ ባልዲዋን መሬት አኖረች። የሰውየውን ፊት፣ ድሮ አውቶቡስ ላይ እንደለመደችው፣ ከግንባሩ እስከ አገጩ ቀስ ብላ አየችው፤ ልትመልስለት አፏን ከፈተች። አሲያ አንድ እርምጃ ተራመደች። ድምፁ ግን ከውስጥ፣ ከሚዛኑ በኩል መጣ።

"አይደለም።"

ሲራጅ ነው። እጁን በሱሪው እየጠረገ ወጣ።

"ስልኩ እኮ እዚህ ነው የሚለኝ" አለ ሰውየው።

"ስልኩ ተሳስቷል። ይሄ ከድጃ በር ነው።"

"እብዷ ጋስ የት ነው ታዲያ?"

"እንዲህ የሚባል ቦታ መርሳ ላይ የለም።"

ሰውየው ስልኩን አየ፣ ሲራጅን አየ፣ በሩ ላይ የፈሰሰውን የሽንኩርት ልጣጭ አየ። "ሲራጅ የሚባል ሽንኩርት ነጋዴ ፈልጌ ነበር። በጠዋት በስልክ ያወራኝ ድምፅ ያንተን ይመስላል።"

"እኔ ነኝ ሲራጅ። በጠዋት ያልኩህ ስህተት ነው።" ፊቱ እስከ ጆሮው ቀልቶ ነበር። "ሽንኩርቱ ውስጥ ነው፤ ካላመንከኝ ግን መንገዱ ያው ነው፣ አልቀየምህም።"

ሰውየው ወዲያው አልገባም። እንዲህ ባለ ቦታ የሚቀያየር ነገር ሁሉ ማጭበርበር ይመስላል። ጥቂት ቆሞ "እስቲ ላስብበት" አለና አስፋልቱን ተሻግሮ፣ ጥላ ሥር ሆኖ ለሆነ ሰው ስልክ ይደውል ጀመር። ሲራጅ አልተከተለውም። የራሱን ስልክ አወጣ፤ አፈር ያለበት ጣቱ መስታወቱ ላይ እየተንሸራተተበት ፊደሎቹን አንድ በአንድ ሲያጠፋ፣ ሌላ አንድ በአንድ ሲጽፍ አሲያ በትከሻው በኩል አየችው። "ጥቆማዎ ይመረመራል" ይላል ስልኩ፣ ሲጨርስ። መቼ እንደሚመረመር አይልም።

ዳዊት ከዱካው ላይ ሆኖ "ወንድሞቼ፣ ቀለሙ እየደረቀብኝ ነው" አለ። ሀብታሙ ሦስተኛው ጣቱ እንዳልታጠፈ አየና እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተው። "የበሩ ባለቤት ተናግሯል አይደል? ጻፍ።"

ዳዊት እጁ የረጋ ነው። ከ"ከ" እስከ "ር" ድረስ ብሩሹን አንድ ጊዜ እንኳ አላነሳም ለማለት ይቻላል፤ ሰማያዊው ነጩ ላይ እየወፈረ ሄደ፣ ሰዎቹም ፊደል በፊደል በዓይናቸው ተከተሉት። ከድጃ እዚያው ቆማ ነበር። እርጥቡን ጽሑፍ እንደ ሥዕል፣ ከዳር እስከ ዳር ተመለከተች።

"ምን ይላል?" አለች፣ ለማንም ሳታነጣጥር።

"ከድጃ በር ይላል፣ እማ" አላት ሲራጅ።

ባልዲዋን አንስታ ወደ ውስጥ ገባች። ሀብታሙ ለዳዊት ጣሳውን ያዘለት፣ ሸዋዬ ምሰሶውን ገፋ አድርጋ ጽናቱን ፈተነች፣ ነጋዴው ማዶ ሆኖ አሁንም ያወራል። አሲያ ቀኑን ሙሉ ስትወጣ ስትወርድ እንደዋለች ገና አሁን እግሯ ነገራት። በሩ እንደገና ተከፈተ። ከድጃ የዒድ ጫማዋን ተጫምታ፣ ተለብሶ ያልታየ ሻርፕ ደርባ፣ መሀረብ ውስጥ የተቋጠረ ብር በእጇ ይዛ ወጣች። በልጆቿ መካከል አለፈች። ዳር ወደቆመው ወደ ናስር ባጃጅ ሄደች፣ ብረቱን ይዛ ያበጠውን ጉልበቷን ቀስ ብላ አስገባች፣ ከኋላ መሀል ላይ ተደላድላ ተቀመጠች።

"እማማ፣ የት ላድርስዎት?" አለ ናስር፤ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ ጠፍቶበታል።

ከድጃ ወደ ፊት ጎንበስ ብላ የምትሄድበትን በጆሮው ነገረችው፤ ከዚያ ጎላ አድርጋ "ስመለስ ከድጃ በር ነው የምወርደው" አለችው። ናስር ራሱን ነቀነቀ። ሲራጅ "እማ፣ ወዴት ነሽ?" አለ፤ አሲያ ክንዱን ያዘችው። ባጃጁ አስፋልቱ ላይ ወጣ፣ አፍንጫውን ወደ ወልድያ አዞረ፣ ሄደ።